ሩብ ኪሎ ስኳር የሚገዛ ሰው ሒሳብ አያውቅም?

ሰሞኑን አንድ ስሌት ከቻናል ቻናል ሲዘዋወር አይታችሁት ይሆናል። ስኳር በሩብ ኪሎ የሚገዛ ሰው በኪሎ ከሚገዛው ይልቅ በዓመት ይህን ያህል ብር ይከስራል። ዘይት በሃይላንድ እያስቀዳ የሚወስድ ሰው ባለ አምስት ሊትሩን ከሚገዛው አብልጦ ይከፍላል። እቁብ የሚጥል ሰው ያንኑ ብር ባንክ ቢያስቀምጠው ወለድ ያገኝበት ነበር። መጨረሻ ላይ የተለመደችው ማሳረጊያ አለች፦ ድህነት የኪስ ሳይሆን የጭንቅላት ነው። ከሥሯ ልብና ጭብጨባ ተደርድሯል።

ስሌቱ ላይ ጠብ የለኝም። ሩቡ አራት ጊዜ ሲገዛ ከኪሎው ይበልጣል፤ ይህ ክርክር አያስፈልገውም። ጠቤ ከማሳረጊያዋ ጋር ነው። የቻናል ወሬ ብቻ ሆና ብትቀር አልፋት ነበር። ነገር ግን በስልክ ብድር የሚሸጡልን፣ ስለ ቁጠባ ሥልጠና የሚሰጡን፣ ስለ «ሸማቹ ግንዛቤ» ስብሰባ የሚጠሩን ሰዎችም ከዚሁ ሐሳብ ነው የሚነሱት። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

እኔ ያደግሁት ባንኮኒ ጀርባ ነው። እናቴ ኮተቤ ከአጥራችን ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻት። ከትምህርት ቤት መልስ ሚዛን የምይዘው፣ ዘይት የምቀዳው፣ የዱቤ ደብተሩ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሩብ ኪሎ የሚባለውን ነገር ከሻጩ ወገን ነው የማውቀው። ሒሳቡን ለዛሬ ዋጋ በሚቀርብ ቁጥር እንየው፤ ኪሎው 120 ብር ነው እንበል። ሩቡን 35 ብር እንሸጠዋለን። አራት ጊዜ የገዛ ሰው 140 ብር ከፈለ። ሃያዋ ብር ለፌስታሉ፣ ለሚፈሰው፣ ለድካሙና ለትርፉ ናት።

ደንበኞቻችን ይህን አያውቁም ነበር? ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር። አምስት ብር ስትጎድልባቸው ከመንገድ ተመልሰው ይመጣሉ። አንዷ ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ነበረች፤ በየሁለት ቀኑ ሩብ ስኳርና አንድ ሲኒ ዘይት ትወስዳለች። እናቴ አንድ ቀን «አንቺ ሴት፣ ኪሎውን ወስደሽ ለምን አትገላገይም?» አለቻት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ቤት ከገባማ ያልቃል፣ እትዬ።»

ይህች መልስ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ቤት የገባ ስኳር የማን ነው? ልጆች ያዩታል። ሻይ ሦስት ማንኪያ ይገባበታል። ጎረቤት «ትንሽ ስኳር» ብላ ሲኒ ይዛ ትመጣለች፤ እያለ የለም አይባልም። አምስት ሊትር ዘይት ጓዳ ውስጥ ቆሞ ሲታይ እጅ ይፈታል፤ ወጡ ዘይት ይጠጣል። ደግሞም ልጁ ማታ ቢያተኩሰው ክሊኒክ የሚቀበለው ብር ነው እንጂ ስኳር አይደለም። ሴትየዋ በዚያች ትርፍ ገንዘብ የምትገዛው ነገር ነበራት፤ የእኛን መደርደሪያ ጓዳ አድርጋው ነበር፤ ቁልፉ እናቴ ዘንድ ያለ ጓዳ። የጓዳውንም ኪራይ በየሩብ ኪሎው ትከፍል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንያዝ። ሩብ የሚገዛ ሁሉ እንደ እሷ አይደለም። በኪሱ ከ35 ብር ሌላ ስለሌለው ብቻ ሩብ የሚገዛ ሰው አለ፤ እሱ ቁልፍ አልገዛም፤ ድህነቱ ተቀጨበት እንጂ። ሁለቱን የሚለይ መፈተኛ ከሱቁ ተምሬአለሁ፦ ብር በያዘበት ቀን ምን ይገዛል? እቁብ የወጣላቸው ሰዎች በማግስቱ ሲመጡ አያቸው ነበር። አንዳንዶቹ ባለ አምስት ሊትሩን፣ ሙሉ ካርቶን ሳሙናውን፣ አምስት ኪሎ ስኳሩን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ እነዚህ የጨነቃቸው የብር እጥረት ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋ እቁቧ በወጣ ሰሞን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። ስኳሩን ግን ያው ሩብ፣ ዘይቱንም ያው አንድ ሲኒ። ብር ስለጠፋ አልነበረም ማለት ነው።

ለእነዚህ ለሁለቱ ዓይነት ሰዎች የሚበጀው መፍትሔ አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው ብር ወይም ርካሽ ብድር ይበጀዋል። ለሁለተኛዋ ብድር ብትሰጧት ጓዳዋን ከፈታችሁባት በቀር ያደረጋችሁላት ነገር የለም።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን ዓይነት ነገር የሚያጠኑበት ዘርፍ አላቸው፤ ቢሄቪየራል ኢኮኖሚክስ ይባላል። ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሪቻርድ ቴለር ደግሞ በ2017 ኖቤል የተሸለሙበት ነው። ቴለር ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ሰው ብሩን በአእምሮው ውስጥ በየመለያው ከፋፍሎ እንደሚያስቀምጥ ነው፤ የኪራዩ ብር ለኪራይ፣ የልብሱ ለልብስ። በመጽሐፍ ደረጃ ብር ሁሉ አንድ ነው፤ በሰው ዘንድ ግን አይደለም። እናቶቻችን ይህን በመቀነት ነው የሠሩት። አንዱ ቋጠሮ የእድር፣ አንዱ ቋጠሮ የማኅበር፣ በነጠላ ጫፍ ያለችው የአስቤዛ። የእድሩን ቋጠሮ ለሽንኩርት መፍታት ነውር ነው። (የመቀነትን ኖቤል ማን ይቀበልልን?)

ወደ ሱቁ ልመልሳችሁ። አንድ የታክሲ ረዳት ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ማታ ማታ መኪናው ከገባ በኋላ ሱቃችን ይመጣና የተወሰነ ብር ለእናቴ ይሰጣታል። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ በስሙ ይቀመጣል፤ ደብተር ላይም ይጻፋል። ትእዛዙ እንዲህ ነበር፦ «እትዬ፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።» ቅዳሜ ማታ መጥቶ ይለምናታል። «ሂድ አንተ ልጅ፣ ተኛ!» ትለዋለች። እሑድ ጠዋት ያመሰግናታል። በወሩ መጨረሻ ሲወስድ ለእሷ ስኳርና ቡና ይገዛላት ነበር፤ ከራሷ ሱቅ ያውም። ስለዚህ የልጁ ወለድ ከዜሮ በታች ነበር። ለማስቀመጥ ከፍሏል።

ይህ የኮተቤ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋና ውስጥ ሱሱ ሰብሳቢ የሚባል ሥራ አለ። ሰውየው በየገበያው እየዞረ ከነጋዴ ሴቶች በየቀኑ እኩል እኩል ገንዘብ ይቀበላል፤ በወሩ መጨረሻ የአንዱን ቀን ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን ይመልስላቸዋል። ናይጄሪያም ከዚህ የሚመሳሰል አላት። በምዕራብ ኬንያ ደግሞ ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ለአነስተኛ ነጋዴዎች ወለድ የማይከፍል፣ ሲያወጡ ግን ገንዘብ የሚያስከፍል የባንክ ሒሳብ እንዲከፈትላቸው አደረጉ። ማንም አይጠቀምበትም ትላላችሁ። ጉሊት የሚነግዱት ሴቶች ተጠቀሙበት፤ ንግዳቸው ላይ የሚያውሉት ገንዘብም ጨመረ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ራስን መፍራት ነው፤ የቅዳሜ ማታው ልጅ። ሌላውና ለእኛ የሚቀርበው ግን ይሉኝታ ነው። ብር እንዳለህ የሚያውቅ ዘመድ ከጠየቀህ «አለኝ፣ ግን አልሰጥህም» የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አይወጣም። ሰዋስዉ ይፈቅዳል፤ አፍ ግን እምቢ ይላል። «እቁብ ጣልኩት» ማለት ግን ይቻላል። ማንም አይቀየምበትም፤ እንዲያውም ጎበዝ ትባላለህ።

ይህንንም ያጠኑ አሉ። ኬንያ ውስጥ በተደረገ ሙከራ፣ ዘመዶቻቸው በቦታው የተገኙባቸው ሴቶች ገቢያቸው እንዳይታወቅ ሲሉ የተሻለ ትርፍ ያለውን አማራጭ ትተውታል። ካሜሩን ያለው ይብሳል፦ በቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ በቂ ቁጠባ እያላቸው ወለድ እየከፈሉ የሚበደሩ አባላት ተገኙ። ሲጠየቁ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ዕዳ ያለበት ሰው ድሃ ይመስላልና አይጠየቅም። ወለዱ ለባንክ የሚከፈል ቢመስልም በእርግጥ የተከፈለው ለሰላም ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ ዓይነት እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነውና። እነዚያው ዱፓስና ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በምዕራብ ኬንያ የእቁብ አባላት የሆኑ ሰዎችን በየቡድን ከፍለው ለጤና እንዲቆጥቡ አገዟቸው። ለአንዱ ቡድን የብረት ሣጥን ከነቁልፉ ሰጡት። ለሌላው ያንኑ ሣጥን ሰጡት፤ ቁልፉ ግን ከፕሮጀክቱ ሠራተኛ ዘንድ ይቀመጣል፤ ያሰቡት መጠን እስኪሞላ አይከፈትም። ለሦስተኛው፣ ከመደበኛው እቁብ ጎን ለጤና ብቻ የሚሆን ሁለተኛ እቁብ እንዲጥሉ አመቻቹላቸው።

የራሱን ቁልፍ የያዘው ቡድን ለመከላከያ ጤና ያወጣው ገንዘብ 66 በመቶ ጨመረ። የእቁቡ ቡድን በ128 በመቶ። ጥብቁ ሣጥን፣ ቁልፉ ሰው ዘንድ ያለው፣ ያን ያህል አልረዳም። ምክንያቱ ልጁ ቢታመም የማይከፈት ሣጥን ውስጥ ማን ብሩን ያስቀምጣል? ሰዎቹ የፈለጉት እስር ቤት አይደለም። የፈለጉት ለከንቱ ነገር ለመፍታት የሚያሳፍር፣ ለክፉ ቀን ግን የሚፈታ ቋጠሮ ነው። እናቴም ረዳቱ ታሞ በመጣ ቀን ያለ ክርክር ሰጥታዋለች።

እቁብን ደጋግሜ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ባንክ ባላስቀምጥ ማንም አያኮርፈኝም። እቁብ ባልጥል ግን ሰብሳቢው ይደውላል፤ ዋሴ ፊቱን ያጠቁርብኛል፤ ዕጣ የሚጠብቀው ጓደኛዬ ያየኛል። ደግሞ የባሰበት አባል ሲኖር ዳኛው ያነጋግራል፤ ዕጣው ይሸጥለታል ወይም ይቀደምለታል። የሚያስገድድም የሚራራም ነው። ወለድ የለውም ብሎ እቁብን የሚያጣጥል ሰው ሳያየው ያለፈው ይህን ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የቁልፉ ኪራይ እየተወደደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ አለፈ። በዚያ ወር የተጀመረ እቁብ ላይ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለትና መጨረሻ የወጣለት አንድ ዓይነት ብር አልወሰዱም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው አንድ የሆነው። እኔ ባለሁበት እቁብ ውስጥ ያን ጊዜ ለዕጣ ተራ የተነሣውን ንትርክ በአሥር ዓመት አላየሁም። ዕቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል የሚለው ወገን ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዋጋ በየወሩ ሲዘል ሩብ ኪሎ መግዛት ከድሮው ይበልጥ ያስከፍላል። የድሃ ሰው ብልሃት አያልቅበትም ብሎ ማድነቅ ብቻውን እንቅልፍ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ብልህ ናት፤ ብልሃቷ ግን ከአቅሟ በላይ ያስከፍላታል።

የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር ግን የዋጋ ንረቱ አይደለም። በስልካችን ውስጥ የገባው ነገር ነው።

ኬንያ ቀድማናለች። ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀመረ፤ በ2012 መጨረሻ ኤም-ሽዋሪ የተባለው የስልክ ብድር ተከተለ። ሲጀመር ለ30 ቀን ብድር የአገልግሎት ክፍያው 7.5 በመቶ ነበር፤ 1,000 ሽልንግ የወሰደ 1,075 ይመልሳል። ሰባት ተኩል ትንሽ ትመስላለች። በየወሩ የሚደግማት ሰው ግን በዓመት 90 በመቶ ይከፍላል። እኛም ጋ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ከዳሸን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ መጡ። መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብድር ናቸው፤ ሦስተኛው ቁጠባ። ጥቅማቸውን አልክድም። የልጅ መድኃኒት ለመግዛት እኩለ ሌሊት ላይ በር ማንኳኳት ቀርቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለንብረት አልባ ነጋዴ ያለ ዋስ ብድር መገኘቱም እንዲሁ።

ግን ከዱቤ ደብተራችን ጋር አስተያዩት። እናቴ ዱቤ ስትሰጥ ትጠይቃለች። ለምንድን ነው? ያለፈውስ? ለልጅ ወተት ከሆነ ያለፈው ባይከፈልም ትሰጣለች። ለሲጋራ ከሆነ «የለኝም» ትላለች፤ ፓኬቱ ከኋላዋ ተደርድሮ እያየው። ተበዳሪውም ዓይኗን እያየ ነው የሚጠይቀው፤ ያ ኀፍረት ራሱ ወለድ ነበር፤ ገንዘብ የማያስወጣ ወለድ። ስልኩ አይጠይቅም። ቅዳሜ ማታም፣ ሰኞ ጠዋትም፣ ለወተትም ለቢራም አንድ ነው። ቋጠሮው ጠፍቷል፤ ክፍያው ግን ቀርቷል።

መልእክቱም ተራ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ አበዳሪ ከ50 ሺህ ለሚበልጡ የቀድሞ ደንበኞቹ የብድር ደብዳቤ ሲልክ ተመራማሪዎች ወለዱንም የደብዳቤውን መልክም በዕጣ አለያዩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት የሚገርም ነው፦ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶ ደብዳቤው ጥግ ላይ መኖሩ፣ ወለዱን በሩብ የመቀነስን ያህል ተበዳሪ ጨመረ። ተበዳሪዎቹ ሒሳብ የማያውቁ ስለሆኑ አይደለም። እናንተም እኔም ያን ደብዳቤ ብንቀበል እንዲሁ ነን። አሁን አስቡት፤ ያ ደብዳቤ በዓመት አንዴ በፖስታ ሳይሆን፣ ሒሳባችሁ ባዶ መሆኑን በሚያውቅ ስልክ፣ ብር ባነሳችሁበት ደቂቃ ሲመጣ።

ስለዚህ የግንዛቤ ሥልጠና ይሰጥ የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። እንጀራ ጋጋሪዋን ስለ ወለድ ስሌት ማስተማር፣ ዓሣን ዋና እንደማስተማር ነው። የሚያስፈልገው ርካሽ ቋጠሮ ነው። ስልኩ ላይ ገንዘቧን በየስሙ የምትለይበት ቦታ ይኑራት፤ የኪራይ፣ የዩኒፎርም፣ የጤፍ። ስሙን ራሷ ትስጠው። ለመፍታት አንድ ሌሊት ይጠብቃት፤ «ሕመም ነው» ካለች ወዲያው ይፈታ። ብድሩም ሲቀርብ በመቶኛ ሳይሆን በብር ይነገር፦ ዛሬ ይህን ያህል ትወስጃለሽ፣ በዚህ ቀን ይህን ያህል ትመልሻለሽ። ባለፉት ወራት ለክፍያ ብቻ የወጣው ድምርም ከጎኑ ይጻፍ። ለመድኃኒት ቤትና ለክሊኒክ ክፍያ ብድሩ ወዲያው ይለቀቅ፤ ለሌላው እስኪነጋ ይቆይ። አበዳሪዎች ይህን በፈቃዳቸው ያደርጉታል ብዬ አልጠብቅም፤ የሚያደርገው ብሔራዊ ባንክ ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህ ሥራ ላይ አለ። ይህን ስነግረው «ደንበኛው ፍጥነት ነው የሚፈልገው፤ መረጃው ያሳያል» አለኝ። የትኛው መረጃ? ቅዳሜ ማታ የተሰበሰበው ወይስ እሑድ ጠዋት? እናቴ ቆርቆሮዋን በቅዳሜው ልመና ብቻ ለክታ ብትከፍት ኖሮ ልጁ የሚያስቀምጥባትን ቤት ያጣ ነበር። እሷ የምታከብረው ልጁ በረጋ መንፈስ ያዘዘውን ትእዛዝ ነበር። ሥርዓት የሚቀርጽ ሰው ሁለቱንም የልጁን ድምፆች ሰምቶ የትኛውን እንደሚታዘዝ መወሰን አለበት፤ ፍጥነት ብቻ ነው የሚፈለገው ያለ ሰው የቅዳሜውን መርጧል።

በነገራችን ላይ የእቁብ መተግበሪያዎች እየበዙ ነው። ዕጣውን ኮምፒውተር ያወጣል፤ ክፍያው በስልክ ነው። ደስ ይላል፤ የሚጠፋ ደብተር የለም። አባል ቢቸገር ግን ዕጣውን የሚያስቀድምለት ዳኛ ማን እንደሆነ እስካሁን የጠየቅኋቸው በደንብ አልመለሱልኝም። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ አንድ ሰው ሁለት ሳምንት መጣል ሲያቅተው ምን እንደተደረገ ከሥር ጻፉልኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕጣ ተራ አወጣጣችሁን የለወጣችሁም እንዴት እንደለወጣችሁት ንገሩን።